ሰርቨሩ አልደከመም፣ እየጠበቀ ነው

«ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባንክ ቤት በሉት፣ ወረዳ በሉት፣ ትኬት ቢሮ በሉት። አንዳንዴ የጠፋው መብራት ነው፤ አንዳንዴ ኔትወርክ። ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር በርቶ፣ ሁሉም ነገር ተገናኝቶ፣ ሲስተሙ ብቻ ይንቀራፈፋል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሰልፉ ይረዝማል።

እንዲህ ሲሆን በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው መፍትሔ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ሰርቨሩ አቅም አንሶታል፤ ትልቅ ይገዛ።» ጨረታ ይወጣል። ዶላር ይፈለጋል። ወራት ያልፋሉ። አዲሱ ማሽን ይመጣና ለጥቂት ጊዜ ፈጠን ይላል። ከዚያ ተመልሶ እዚያው።

በእኔ እምነት ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ አቅም አላነሳቸውም። ሥራ ፈተው ቆመዋል። ዳታ እስኪመጣላቸው እየጠበቁ ነው። እንዲጠብቁ ያደረጋቸው ደግሞ ሶፍትዌሩ የተሠራበት መንገድ ነው። መንገዱ ሳይቀየር ማሽኑ ቢቀየር፣ አዲሱም እንደ አሮጌው መጠበቁ አይቀርም።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የዓለም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሚሞሪ ዋጋ ንሯል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች የፋብሪካዎቹን ምርት ጠቅልለው ስለሚወስዱት ለሌላው ገዢ የሚተርፈው አንሷል። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ሸማች ሲሸጥ የኖረውን ሚሞሪ እንደሚያቆም አስታውቋል። ሁለተኛው የእኛው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የሰርቨሩ የዶላር ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ፣ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ላይ በላዩ ደግሞ የሚሞሪው ጭማሪ መጣ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዝም ብሎ የሚመጣ ፍጥነት ነበር

በ1965 ጎርደን ሙር፣ በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚገጠሙት ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆኑ ተነበየ። በ1975 ግምቱን አስተካክሎ በየሁለት ዓመቱ አለው። ይህ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ፕሮግራመሮች አንድ መጥፎ ልማድ ያዙ። ፕሮግራምህ ቀርፋፋ ነው? ምንም አትንካው። ሁለት ዓመት ታገስ፣ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አስሊ ቺፕ) ራሱ ያፈጥንልሃል።

እስከ 2005 ገደማ ይህ እውነት ነበር። ከዚያ ሙቀቱ አላስኬደም። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር የሚበላው ኃይልም አብሮ ይቀንስ የነበረው ነገር ቆመ። ፍጥነቱን ከጥቂት ጊጋኸርዝ በላይ መግፋት ቺፑን ማቃጠል ሆነ። ኩባንያዎቹም ፍጥነት መጨመሩን ገታ አድርገው ኮር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል፣ ወደ ማብዛቱ ዞሩ። ኮር ሲበዛ ግን የድሮው ፕሮግራም በራሱ አይፈጥንም። ሥራውን ለብዙ ኮር ማከፋፈል የሚችል ሶፍትዌር ያስፈልጋል፤ ያን የሚጽፈው ሰው ነው።

ሶፍትዌሩ በበኩሉ መክበዱን አላቆመም። ስዊዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኒክላውስ ቪርት ገና በ1995 ሶፍትዌር የሚከብድበት ፍጥነት ሃርድዌር ከሚፈጥንበት ፍጥነት እንደሚበልጥ ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ ስልካችሁን ስትከፍቱ የሚሰማችሁ ያው ነው።

ፕሮሰሰሩ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ፕሮሰሰር መሥራት የሚችለው አጠገቡ ባለ ዳታ ላይ ብቻ ነው። ዳታው እዚያው ቺፑ ላይ ባለችው ትንሽዬ ካሽ ሚሞሪ ውስጥ ከተገኘ አንድ ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይበቃዋል። ራም (ከቺፑ ውጭ ያለው ዋናው ሚሞሪ) ላይ ከሆነ ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ይጠብቃል። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው የዛሬ ዲስክ) ላይ ከሆነ ወደ 100 ማይክሮ ሰከንድ። በድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ። ቁጥሮቹ ከማሽን ማሽን ይለያያሉ፤ ልካቸው ግን ይኸው ነው።

ናኖ ሰከንድ ለሰው ስሜት አይሰጥም። ስለዚህ አንዷን ናኖ ሰከንድ አንድ ሰከንድ እናድርጋት። ያኔ ካሽ ሚሞሪ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ራም አንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ኤስኤስዲ ከአንድ ቀን በላይ። ሃርድ ዲስክ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ዳታው አውሮፓ ካለ ክላውድ (በኢንተርኔት ከሚከራይ ሰርቨር) የሚመጣ ሆኖ ደርሶ መልሱ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ ደግሞ ከሦስት ዓመት በላይ።

«ፕሮሰሰሩ 10 ከመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሲስተሙ ግን አይንቀሳቀስም» የሚለው ግራ የሚያጋባ ሪፖርት እዚህ ላይ ይፈታል። አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ለመሥራት ሦስት ዓመት የሚጠብቅ ማሽን ነው። እሱን በእጥፍ በሚፈጥን ፕሮሰሰር መተካት ግማሽ ሰከንድ ያተርፋል። ሦስቱ ዓመት እንዳለ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ቁጥር ቢፈልግ አንዷን ብቻ አያመጣም። በአብዛኞቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ላይ በአንድ ጊዜ 64 ባይት ጠቅልሎ ያመጣል። አንድ ቁጥር 8 ባይት ቢሆን ስምንት ጎረቤታም ቁጥሮች አብረው ይመጣሉ ማለት ነው። ፕሮግራማችሁ ቁጥሮቹን በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ካነበበ ሰባቱ በነፃ የመጡ ናቸው። እየዘለለ ካነበበ ግን ስምንት አስመጥቶ አንዱን ይጠቀማል፤ ሰባቱን ይጥላል። ያው ኮድ፣ ያው ስሌት፣ ያው ማሽን። የተለየው በምን ቅደም ተከተል ተነበበ የሚለው ብቻ ነው።

በ2020 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ላይዘርሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አንድ ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሥራው ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 4,096 ረድፍና 4,096 ዓምድ ያላቸውን ሁለት የቁጥር ሰንጠረዦች ማባዛት። ማሽኑ አንድ ነው፣ 18 ኮር ያለው። የሚገኘውም መልስ አንድ ነው። የሚለዋወጠው የፕሮግራሙ አጻጻፍ ብቻ።

መጀመሪያ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማንኛውም ተማሪ እንደሚጽፈው አድርገው ጻፉት። 7 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ያንኑ በጃቫ ጻፉት፤ ወደ 40 ደቂቃ ወረደ። በሲ ሲጽፉት 9 ደቂቃ። ከዚያ ሥራውን ለ18ቱም ኮር አከፋፈሉት። 70 ሰከንድ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 18 ኮር ሥራውን ተካፍሎት የፈጠነው 8 እጥፍ እንኳ አልሞላም። የቀሩት ኮሮች የት ገቡ? እየጠበቁ ነው። ሁሉም ከአንድ ራም ዳታ ይፈልጋሉ፤ ራሙ ለሁሉም ማድረስ አልቻለም።

ቀጥለው ያደረጉት ነገር አንድም ሳንቲም የማያስወጣ ነው። ሰንጠረዦቹን በየትንንሹ ቆራረጧቸው። አንዱ ቁራጭ ካሽ ሚሞሪ ውስጥ እያለ በእሱ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ጨርሰው ወደ ቀጣዩ እንዲያልፉ አደረጉ። አንድም ኮር አልተጨመረም። 70ው ሰከንድ 3.8 ሰከንድ ሆነ። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ በአንድ ትእዛዝ ብዙ ቁጥሮችን አንድ ላይ ማባዛት የሚችልበትን ችሎታ ሲጠቀሙበት 0.41 ሰከንድ ላይ ደረሱ። ከ7 ሰዓት ተነስቶ ግማሽ ሰከንድ ያልሞላ፤ ከ60,000 እጥፍ በላይ። ያም ሆኖ ማሽኑ ሊሰጥ ከሚችለው ከፍተኛ አቅም የተጠቀሙት 40 ከመቶ ገደማውን ነው። በመጀመሪያው ፕሮግራም ጊዜ ምን ያህሉ ይባክን እንደነበር አስቡት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የመሐሉ ደረጃ ነው። 18 ኮር 8 እጥፍ ያልሞላ ፍጥነት ሰጠ። ዳታውን በወጉ መደርደር 18 እጥፍ ሰጠ። የመጀመሪያው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ሁለተኛው በማሰብ የሚገኝ። በዚህ ሙከራ ላይ የታሰበው የተገዛውን በለጠው።

ወደ ቢሯችን ስንመለስ

የሠራተኛ ፈቃድ የሚመዘግብ ሲስተም 60,000 እጥፍ አይፈጥንም። የሚጠብቀውም ራምን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ዳታቤዙን ነው።

አንድ ሁሌም የሚገጥም ምሳሌ ልውሰድ። ስክሪኑ የ200 ሠራተኞችን ስም ከነክፍላቸው ማሳየት አለበት። ፕሮግራመሩ መጀመሪያ የሠራተኞቹን ዝርዝር ከዳታቤዙ ይጠይቃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ «የዚህኛው ክፍል ማን ይባላል?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። 201 ጥያቄ ሆነ። ዳታቤዙ እዚያው ክፍል ውስጥ ቢሆንና አንዱ ጥያቄ 1 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉም በ0.2 ሰከንድ ያልቃል፤ ማንም አያስተውለውም። በኋላ ዳታቤዙ ውጭ አገር ወዳለ ክላውድ ይዛወራል እንበል። አንዱ ጥያቄ 100 ሚሊ ሰከንድ ሆነ። ያው ስክሪን አሁን 20 ሰከንድ ይፈጃል። ዳታቤዙ ሁለቱን ሰንጠረዦች ራሱ አገናኝቶ በአንድ ጥያቄ እንዲመልስ ቢደረግ ኖሮ 0.1 ሰከንድ ነበር።

የዚህ ዓይነት ኮድ ከባዱ ነገር ሲያዩት ንጹሕ መምሰሉ ነው። የዛሬ ዳታቤዝ ማገናኛ መሣሪያዎች ጥያቄውን ከፕሮግራመሩ ዓይን ይሰውሩታል። እሱ የሚያየው «የሠራተኛው ክፍል» የሚል አንድ መስመር ነው። ላፕቶፑ ላይ አምስት የሙከራ ሠራተኞች አስገብቶ ሲሞክረው እንደ መብረቅ ነው። ችግሩ የሚወጣው እውነተኛው ዳታ ሲገባ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚወቀሰው ሰርቨሩ ነው።

ለእኛ ብቻ የሚገጥም አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። የአማርኛ ስም ፍለጋ። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ ስሟ በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ። ሁለተኛው በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ፤ እያንዳንዳቸውም በግዕዝ ወይም በራብዕ። ሲባዛ 12 ዓይነት ነው። ፀሐይ ስትመዘገብ ጸሐፊዋ በአንዱ ጻፈች፤ ገንዘብ ከፋዩ በሌላው ይፈልጋል፤ «አልተገኘም» ይላል።

ይህን ለመፍታት ብዙ ሲስተሞች በጣም ውዱን መንገድ ይመርጣሉ። በእያንዳንዱ ፍለጋ የዳታቤዙን ረድፎች ከዳር እስከ ዳር አንብቦ እያንዳንዱን ስም ማመሳከር። አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ካለና እያንዳንዱ ረድፍ 500 ባይት ከሆነ፣ አንዲት ፀሐይን ለማግኘት 500 ሜጋ ባይት ይነበባል። 20 ገንዘብ ከፋዮች እኩል ቢፈልጉ 10 ጊጋ ባይት። በዚህ ላይ ሚሞሪ ቢጨመር ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ደንበኛው በጨመረ ቁጥር ማሽኑ አብሮ ማደግ ይኖርበታል።

ሌላው መንገድ ይኸውላችሁ። ስሙ ሲመዘገብ ባለቤቱ በጻፈው መልክ ይቀመጥ። ከጎኑ ግን አንድ ሌላ ዓምድ ይኑር። እዚያ ላይ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ተጠቅልለው ይጻፉ። ሐም፣ ኀም፣ ሃም ሀ ይሁኑ፤ ሠ ሰ ይሁን፤ ዐ አ ይሁን፤ ፀ ጸ ይሁን። በዚህ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ የተደረደረ ዝርዝር፣ ይሠራ። ፈላጊው የጻፈውም ቃል በዚያው ደንብ ተለውጦ ይፈለግ። ከአንድ ሚሊዮን ስም ውስጥ የሚፈለገው በሦስት ወይም በአራት እርምጃ ይገኛል። ትንሽ ቦታ ተጨማሪ ይወስዳል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይጠይቃል። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ሰርቨርም ይበቃዋል።

«ማሽን ርካሽ ነው፣ ፕሮግራመር ውድ ነው»

እንዲህ ሲባል የሚመጣ መልስ አለ። የፕሮግራመር ጊዜ ከማሽን ይበልጥ ውድ ስለሆነ፣ ኮድ በማሳመር ጊዜ ከማጥፋት ማሽን መጨመር ያዋጣል የሚል። ይህ ምክር በተነገረበት አገር ልክ ሊሆን ይችላል። ሲያትል ወይም ዙሪክ ያለ ፕሮግራመር የአንድ ወር ደመወዙ ጥሩ ሰርቨር ይገዛል። አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ማሽኑ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ፕሮግራመሩ የሚከፈለው በብር። የአንድ ሰርቨር ዋጋ የአንድን ጎበዝ ልጅ የብዙ ወራት ደመወዝ ይሸፍናል። ምክሩን እንዳለ ቀድተን መጠቀማችን በየዓመቱ የሚያስከፍለን ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚጠቀሰው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የዶናልድ ክኑት ማስጠንቀቂያ ነው። በ1974 ያለ ጊዜው ኮድ ማፍጠን የክፋት ሁሉ ሥር ነው ብሎ ጽፏል። ይህች ክፍል በየቦታው ትጠቀሳለች። አብራት ያለችው ግን ትዘለላለች። 97 ከመቶ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቅኑን እርሱት ካለ በኋላ፣ ወሳኙን 3 ከመቶ ግን ማለፍ የለብንም ይላል። ሥራው እንግዲህ ያን 3 ከመቶ ማግኘት ነው። የሚገኘው ደግሞ በግምት አይደለም፤ በመለካት ነው። አብዛኞቹ የታወቁ ዳታቤዞች ቀርፋፋ ጥያቄዎችን መዝግበው የሚያስቀምጡበት መንገድ አላቸው። እኔ ብሆን የጨረታ ሰነድ ከመዘጋጀቱ በፊት ያ መዝገብ ይከፈት እላለሁ። በመዝገቡ አናት ላይ ያሉት አምስት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ሙሉውን ታሪክ ይናገራሉ።

ሁለት ሚሊዮን ሰው በአንድ ማሽን

የዋትሳፕን ታሪክ የማነሳው ገንዘቡ አስደንቆኝ አይደለም። በጃንዋሪ 2012 ኩባንያው አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በአንድ ጊዜ አገናኝቶ መያዙን አስታወቀ። ማሽኑ ሚሞሪው ወደ 100 ጊጋ ባይት ነበር። ቢካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 50 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ፎቶ ያነሰ።

በተለመደው መንገድ ቢሠሩት አይሆንም ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የሥራ ክር ተከፍቶ አንድ አንድ ሜጋ ባይት ቢያዝለት 2 ቴራ ባይት ሚሞሪ ይፈለጋል። እነሱ የመረጡት ኤርላንግን ነው። ኤርላንግ በ1980ዎቹ የስዊድኑ ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች የፈጠረው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በኤርላንግ አንድን ግንኙነት የሚይዝ ሂደት ጥቂት ኪሎ ባይት ይበቃዋል። ሰውየው መልእክት እስኪልክ ድረስ ሂደቱ ፕሮሰሰሩን አይነካም። መቼም አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሲስተሙ የተነደፈው ይህን የሰው ጠባይ ተመልክቶ ነው። ፌስቡክ በ2014 ዋትሳፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ተጠቃሚው ከ450 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በሙሉ ከ60 አይበልጡም ነበር።

ተመሳሳይ ታሪክ የመልእክት መለዋወጫው ዲስኮርድም አለው። መልእክት የሚያስቀምጡባቸውን 177 ሰርቨሮች ዳታቤዙን ቀይረው በ72 ተክተዋቸዋል፤ ፍጥነቱም ተሻሽሏል።

መቶ ከመቶ ይሥራ ማለት ግን አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ሰርቨሩን 100 ከመቶ እናሠራው» ሊል ይችላል። ስህተት ነው፤ አደገኛም ነው።

ጥያቄዎች በእኩል ርቀት ተራ ይዘው አይመጡም። እንደ ሰው ናቸው፤ አንዴ ተግተልትለው ይመጣሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። የወረፋ ሒሳብ የሚለው ይህን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻውን ሲሆን 10 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅበት ሰርቨር፣ 50 ከመቶ ሲያዝ አማካዩ 20 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። 80 ከመቶ ሲያዝ 50። 90 ከመቶ ላይ 100። 95 ላይ 200። 99 ላይ አንድ ሙሉ ሰከንድ። ከ50 ወደ 80 ሲወጣ ተጠቃሚው ብዙም አይሰማውም። ከ90 ወደ 99 ሲወጣ ሲስተሙ የሞተ ይመስላል።

የደመወዝ ሰሞንና የበዓል ዋዜማ የክፍያ ሲስተሞች የሚያጣጥሩት ለዚህ ነው። የሚመጣው ሰው 10 ከመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ፣ ቀድሞውኑ 90 ላይ የነበረውን ሰርቨር ገደል ይከተዋል። ስለዚህ ለሰው ፊት ለፊት መልስ የሚሰጥ ማሽን መተንፈሻ ይተውለት። ሪፖርት ማዘጋጀትን፣ ባክአፕን፣ ወለድ ማስላትን የመሰለውን ማንም ቆሞ የማይጠብቀውን ሥራ ግን ለሌሊት አዛውሩት። የተኛው አቅም ያኔ ይሞላል። ይህን መለየት ብቻውን፣ ምንም ኮድ ሳይፈጥን፣ ብዙ ግዢ ያስቀራል።

የተኛ ማሽን በነፃ አይተኛም ደግሞ። የጉግል ኢንጂነሮች ሉዊስ አንድሬ ባሮሶና ኡርስ ሆልዝል በ2007 እንዳሳዩት፣ የዚያን ጊዜ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ይሠሩ የነበረው ከ10 እስከ 50 ከመቶ ባለው አቅማቸው ነበር፤ ምንም ሳይሠሩ ሲቆሙ ደግሞ በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ከሚበሉት መብራት ግማሽ ያህሉን ይበሉ ነበር።

ጂፒዩም ይጠብቃል

ዛሬ በጣም ውድ ከሆኑት ሃርድዌሮች አንዱ ጂፒዩ፣ ማለትም የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራበት ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚያሰላ ቺፕ፣ ነው። እሱም ከዚሁ በሽታ አላመለጠም። ኤንቪዲያ ኤች100 የተባለው ጂፒዩ ሚሞሪው በሰከንድ 3.35 ቴራ ባይት ማቀበል ይችላል። ብዙ ይመስላል። ግን አንድ የቋንቋ ሞዴል (ለሰው ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) 70 ጊጋ ባይት ቢመዝን፣ አንዲት ቁራጭ ቃል ለማውጣት ያ 70 ጊጋ ባይት በሙሉ መነበብ አለበት። ንባቡ ብቻውን 21 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በሰከንድ ከ48 ቁራጭ በላይ አይወጣም። የሚያሰላው የጂፒዩ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

መፍትሔው የብዙ ሰዎችን ጥያቄ አንድ ላይ ማስተናገድ ነው። ሞዴሉ አንዴ ሲነበብ ለ30 ሰው ይሠራል። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሰው የውይይቱን ማስታወሻ የሚይዝ ሚሞሪ ያስፈልጋል፤ ይህ ሚሞሪ በመጥፎ አመዳደብ ይባክን ነበር። በ2023 በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩት በነበሩት ሲስተሞች ከተያዘው ሚሞሪ በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለው ከ20 እስከ 38 ከመቶ ብቻ ነበር። እነሱ ቪኤልኤልኤም በሚባለው ሥራቸው ሚሞሪውን በትንንሽ ገጾች ከፋፍለው እንደ አስፈላጊነቱ ሰጡ። ሐሳቡ በኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። በዚያው ጂፒዩ የሚስተናገደው ሰው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ሆነ።

የቻይናው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዲፕሲክም የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። አሜሪካ ባደረገችው እገዳ ምክንያት የደረሰው ኤች800 የተባለው፣ ጂፒዩ ከጂፒዩ የሚነጋገርበት መስመር የተቀነሰበት ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሥራውን የነደፉት ጂፒዩዎቹ እየተነጋገሩ በዚያው ቅጽበት እንዲያሰሉ አድርገው ነው፤ መጠበቁን በሥራ ሸፈኑት። በዲሴምበር 2024 ይፋ ያደረጉትን ሞዴል በ2,048 ጂፒዩ አሠልጥነውታል። እጥረቱ አስገድዷቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ ለአማርኛ የሚተርፍ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ማለፍ አልችልም። ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከላቲን ይበልጣል። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ሰላም 9 ባይት ነች። በኤስኤምኤስም እንዲሁ፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ይህን ያህሉ የሚቻል ነው፤ አማርኛ ባነሰ ፊደል ብዙ ይናገራልና የተወሰነውን ያካክሰዋል።

የማይካካሰው የቋንቋ ሞዴሎቹ ጉዳይ ነው። ሞዴል ጽሑፍ የሚያነበው በቁራጭ ነው። ቆራጩ የሠለጠነው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ሲሆን፣ የአማርኛው ቃል ይበጣጠሳል። አንዳንድ ቆራጮች ላይ አንዲት ፊደል ብቻዋን ሁለትና ሦስት ቁራጭ ትሆናለች። ክፍያው በቁራጭ ነው። ሚሞሪው የሚያዘው በቁራጭ ነው። መልሱ የሚዘገየው በቁራጭ ነው። አማርኛ ተናጋሪው እንግዲህ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ብዙ ይከፍላል፣ ብዙ ይጠብቃል፣ ሞዴሉም ቶሎ ይረሳበታል።

ይህ ደግሞ ጂፒዩ በመግዛት የሚፈታ አይደለም። የሚፈታው በርከት ያለ ጥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ሰብስቦ፣ ቆራጩን በእሱ አሠልጥኖ፣ «እንደሚመጣ» ዓይነቱን ቃል «እንደሚ» እና «መጣ» ብሎ እንዲያውቀው በማድረግ ነው። ስድስት ፊደል ያላት ይህች ቃል በክፉው ቆራጭ 18 ቁራጭ ልትሆን ትችላለች። በጥሩው 2 ብትሆን፣ በአንድ ጂፒዩ ላይ ያው የውይይት ማስታወሻ የሚይዘው የአማርኛ ጽሑፍ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሥራ አዲስ አበባ ሆነም ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ፣ አማርኛ የሚችልና አንድ መጠነኛ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሊጀምረው ይችላል። ቆራጭ ለማሠልጠን ጂፒዩ እንኳ አያስፈልግም።